ቸርችል ጎዳና ላይ የትኛውን ሕንፃ እንይ? ግማሽ ቀን ላለው ሰው የተዘጋጀ ንጽጽር

ከማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ቸርችል ጎዳና ቀጥ ብሎ እስከ ለገሃር ይወርዳል። ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በግራና በቀኙ፣ ትንሽ ገባ ብለው ያሉትም ሲጨመሩ፣ የምኒልክ፣ የኃይለ ሥላሴና የደርግ ዘመን ሥራዎች ተሰልፈውበታል። ጭንቀቱ የሚመጣው ከብዛታቸው ነው። ሁሉንም በአንድ ግማሽ ቀን አዳርሳለሁ ብሎ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም በአጥር ብረት በኩል አይቶ ይመለሳል።

ስለዚህ አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ይበጃል፤ ሕንፃው ያለውን የሚያሳየው በውጭ ነው ወይስ በውስጥ? የለገሃር ባቡር ጣቢያ ውበቱን ወደ መንገዱ ዘርግቶ የቆመ ነው፤ በሩ ቢዘጋ የሚቀርብዎት ጥቂት ነው። አፍሪካ አዳራሽ ደግሞ ትልቁን ሀብቱን ከግድግዳው ጀርባ ያስቀመጠ ነው፤ ከመንገድ ብቻ ያየው ሰው አየሁት ማለት አይችልም። የውጭዎቹን እግረ መንገድዎን ያያሉ፤ ለውስጦቹ ቀን ቀጥረው፣ መታወቂያ ይዘው፣ ልብስዎን አስተካክለው ይሄዳሉ። የእኔ ምክር ከውስጦቹ አንዱን ብቻ መምረጥ፣ ከውጭዎቹ ደግሞ እግርዎ የፈቀደውን ያህል መጨመር ነው።

አቅጣጫውን በተመለከተ ክርክር የለኝም። ከላይ ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከለገሃር ወደ ፒያሳ በእግር መውጣት ለለመደ ሰውም ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ከቆላ ለመጣ እንግዳማ ቅጣት ነው።

ከላይ፦ ጊዮርጊስ ወይስ ማዘጋጃ ቤት?

ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ግን ለሁለት ዓይነት ሰው የተሠሩ ይመስላሉ።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የአድዋ ድል መታሰቢያ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጦርነቱ የተካሄደው በጊዮርጊስ ዕለት ነበርና አፄ ምኒልክ በስሙ አሠሩት። አሁን የምናየውን ስምንት ማዕዘን ሕንፃ በመንደፍ ስሙ የሚነሣው ሰባስቲያኖ ካስታኛ ነው፤ በአድዋ ተማርኮ እዚሁ የቀረ ጣሊያናዊ። የድሉን መታሰቢያ የተሸነፈው ወገን ሰው ነደፈው ማለት ነው። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በከተማዋ ሕዝብ ላይ በወረደው መዓት የካስታኛ ወገኖች ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠሉት፤ ከነፃነት በኋላ ታድሶ እንደገና ቆመ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት እዚህ ነው።

ይህ ከውስጥ የሚታይ ቤት ነው። ከውጭ ሲያዩት ግራጫ፣ ክብደት ያለው፣ ዝምተኛ ሕንፃ ነው፤ ብዙ ሰው በውጭው ብቻ ፈርዶበት ያልፋል። ጫማዎን አውልቀው ሲገቡ ግን የመቅደሱን ዙሪያ ግድግዳ የሸፈኑት የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎችና ሞዛይኮች ይቀበሉዎታል። በቅጥር ግቢው ሙዚየምም አለ፤ የነገሥታቱን አልባሳትና የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት የሚወድ ሰው ጊዜው ሳይታወቀው ይነጉድበታል። ቅዳሴ ላይ ከደረሱ ጉብኝቱን ይርሱትና እንደ ምእመን ይቁሙ፣ ወይም ቆየት ብለው ይመለሱ። በየወሩ 23 ቀን ለጊዮርጊስ የሚመጣው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ ለሥዕል ማያ የሚመረጥ ቀን አይደለም፤ ሕዝቡን ለማየት ግን ከዚያ የሚሻል የለም።

ማዘጋጃ ቤቱ በ1957 ዓ.ም. የተመረቀ የአርቱሮ መዜዲሚ ሥራ ነው። መዜዲሚ በወጣትነቱ ወደ አስመራ መጥቶ ሙያውን እዚያ የጀመረ ጣሊያናዊ አርክቴክት ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱን አመኔታ ካገኘ በኋላ በአዲስ አበባ ትልልቅ ሥራዎችን ሠርቷል። የማዘጋጃ ቤቱ ትልቁ ብልሃት ቦታው ነው። ጎዳናው ከታች ሲጀምር ዓይን የሚያርፍበት ነገር ያስፈልገዋል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ያንን ሚና ይዞ በቁልቁለቱ ራስ ላይ ተቀመጠ። ስለዚህ የሚታየው ከደጃፉ ቆሞ ቀና በማለት ሳይሆን ከሩቅ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ዞር ብለው ይመልከቱት፤ ከደጁ ሲያዩት የተበታተነ የመሰለዎት ሕንፃ እዚያ ላይ ይሰበሰባል። ውስጡ የሥራ ቦታ ነው፤ ጉዳይ የሌለው ሰው በኮሪደሩ መንሸራሸር አይጠበቅበትም። ከቅጥር ግቢው የቴአትርና ባህል አዳራሹ ግን ትርኢት ባለበት ቀን በትኬት ይገባበታል፤ ቤቱን ከውስጥ ለማየት ቀላሉ መንገድ እርሱ ነው።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ጊዮርጊስን እመርጣለሁ፤ ማዘጋጃ ቤቱ እንደሆነ መንገዱን ሁሉ ከኋላዬ ይታየኛል።

ፒያሳን በድሮ ፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ የአካባቢው አሮጌ ሰፈር ትልቁ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። በዚያው ዓመት የተከፈተው የአድዋ ድል መታሰቢያ ደግሞ በስፋቱ የአካባቢውን መልክ ለውጦታል። እርሱ ራሱን የቻለ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ከቸርችል የእግር ጉዞ ጋር አብሬ ላያይዘው ያለ ሰው አንዱን ይበድላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበደለው ጎዳናው ነው። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ያለው ጣይቱ ሆቴል በእቴጌይቱ የተቋቋመ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው፤ በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ጎድቶታል። ለጉብኝት ሳይሆን ለቡና ቢገቡ ይሻላል።

መካከሉ፦ ሳይቆሙ የሚታይ

ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ትግላችን ሐውልት ያለው ክፍል ለእኔ የመሄጃ እንጂ የመቆሚያ ቦታ አይደለም። በአደባባዩ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ አለ፤ ዋናው መቅደላ ነው ያለው። በ1939 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የሊሴ ገብረ ማርያም ትምህርት ቤት ከአጥር ውጭ ለሚያልፍ ሰው እምብዛም አይገለጥም።

ለየት የሚለው ዋናው ፖስታ ቤት ነው። ቤቱ ኢቫን ሽትራውስና ዝድራቭኮ ኮቫቼቪች የተባሉት የዩጎዝላቪያ አርክቴክቶች ሥራ ነው፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና የፍልውሃን ሕንፃዎች የነደፉትም እነርሱ ናቸው። ሽትራውስ አገሩ ተመልሶ በሳራዬቮ የክረምት ኦሊምፒክ ዋዜማ ታዋቂውን የሆሊዴይ ኢን ሆቴል ሠርቷል። የፖስታ ቤቱ ጥቅም ሥራ ላይ ያለ የሕዝብ ቤት መሆኑ ነው፤ ማንም ገብቶ ቴምብር መግዛት ይችላል፤ ለምን መጣህ የሚል የለም። ከጎኑ ያለው የፖስታ ሙዚየም ደግሞ ከአፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹ የ1886 ዓ.ም. ቴምብሮች ጀምሮ የተሰበሰበውን ያሳያል። ትንሽ ቦታ ነው፤ ቴምብር ለሚወድ ሰው ወርቅ፣ ለማይወድ ሰው የአሥር ደቂቃ ጥላ።

ትግላችን ሐውልት በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት፣ በሰሜን ኮሪያውያን እገዛ የቆመ ነው። 50 ሜትር የሚደርሰው ዓምዱ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ይታያል። ሐውልቱ በሶማሊያ ጦርነት የወደቁ የኩባ ወታደሮች መታሰቢያም አለበት። ሐውልት እንጂ ሕንፃ ስላልሆነ ከንጽጽሩ አስወጥቼዋለሁ። የደርግን ዘመን በድንጋይ ተቀርጾ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን በመላ ጎዳናው ላይ እንደ እርሱ ግልጽ የሚናገር አያገኝም፤ የግድግዳውን ቅርጾች ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ታሪክ ያንብባቸው።

ከታች፦ ሁለት አንበሶች፣ ሁለት ቤቶች

የጎዳናው ታችኛ ጫፍ ሀብታም ነው። ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር በእግር የሚቀራረቡ ሲሆኑ ሁለቱም በደጃቸው አንበሳ አቁመዋል። ሁለቱን ሳያስተያይ የሚመለስ ሰው ከዚህ ጎዳና ምርጡን ትምህርት ጥሎ ሄደ እላለሁ።

የለገሃር ጣቢያ በኅዳር 1922 ዓ.ም. ተመረቀ፤ አርክቴክቱ ፈረንሳዊው ፖል ባሪያ ነው። ባቡሩ ራሱ ከጅቡቲ ተነሥቶ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ 12 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነበር። ጣቢያው ግዙፍ አይደለም። በአገሩ ቢሆን የአንዲት መካከለኛ የፈረንሳይ ከተማ ጣቢያ ነበር የሚባለው፤ እዚህ ግን የባሕር በር ደጃፍ ሆኖ ኖረ። መልእክተኛው፣ ነጋዴው፣ ስደተኛው፣ የውጭ አገር እንግዳው በእርሱ በኩል ገብቶ በእርሱ በኩል ወጣ። አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1928 ዓ.ም. ለስደት የተሳፈሩት በዚሁ ሐዲድ ነው። ዛሬ ባቡር አይነሣበትም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መሥመር ጣቢያዎቹን ከከተማዋ ዳር አድርጓል። ስለዚህ ለገሃር ከውጭ የሚታይ ቤት ነው፤ ፊቱን አይተው፣ አንበሳው ዘንድ ቆመው ይሄዳሉ።

አንበሳው የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው፤ በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ ተመረቀ። ጠጋ ብለው መሠረቱን ይመልከቱ። ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ የአፄ ምኒልክ፣ የንግሥት ዘውዲቱ፣ የራስ መኮንንና የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ተቀርጿል፤ ከላይ የቆመው አንበሳ ዘውድ ደፍቶ በመዳፉ ዘንጉን ይዟል። ጡንቻው፣ ጎፈሩ፣ የእግሩ አረጋገጥ ሁሉ የሕያው አውሬ ነው። ፋሺስቶች ዘርፈው ሮም ወሰዱት፤ ዘርአይ ደረስ ጎራዴውን የመዘዘው በዚህ አንበሳ ፊት እንደሆነ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ወደ ስፍራው የተመለሰው ነፃነት ከተገኘ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ብሔራዊ ቴአትር ይሻገሩ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለሲኒማ ተብሎ ተጀምሮ የቀረውን ሕንፃ ፈረንሳዊው አንሪ ሾሜ አስፍቶና አሻሽሎ ጨረሰው፤ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የንግሥና ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። በደጁ የቆመው አንበሳ የሞሪስ ካልካ ነው። ከጋርዴው ጋር ያለው የዕድሜ ልዩነት 25 ዓመት ብቻ ነው፤ ሲያዩዋቸው ግን መቶ ዓመት የተራራቁ ይመስላሉ። ካልካ ጡንቻና ፀጉር አላስፈለገውም። ድንጋዩን ወደ ላይ አቁሞ፣ ጎፈሩን በተደጋጋሚ መስመር ቀርጾ፣ አውሬውን ወደ ዓምድ ለወጠው። የጋርዴው አንበሳ ያስፈራል፤ የካልካው ይከበራል። (ይኸው ካልካ በኋላ ቡሜራንግ በተባለ የጽሕፈት ጠረጴዛ ታወቀ፤ አንዱ በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ፖምፒዱ ቢሮ ገብቶ ነበር። የአዲስ አበባ ልጆች ከሥሩ እየተቀጣጠሩ የሚገናኙበትን አንበሳ የሠራ ሰው መሆኑን ግን በፓሪስ የሚያነሣው ብዙ አይመስለኝም።)

ቴአትር ቤቱ ከሁለቱም ወገን ነው፤ በውጭም በውስጥም ይታያል። ከምሽቱ ትርኢት አንዱን መርጦ ትኬት የቆረጠ ሰው ሕንፃውን በተሠራበት ዓላማ ያየዋል፤ መብራቱ ሲጠፋ፣ መጋረጃው ሲከፈት። አማርኛ የማይሰማ እንግዳ ይዘው ከሆነ የሙዚቃ ዝግጅት ያለበትን ቀን ይምረጡ።

ምርጫው እንግዲህ ይህ ነው፦ ጊዜዎ ጠዋት ከሆነና ታሪክ የሚስብዎ ከሆነ ለገሃር፤ ወደ ማታ ከሆነና መቀመጥ ከፈለጉ ቴአትሩ። አንበሶቹን ግን በሁለቱም ሁኔታ ሁለቱንም ይዩ፤ ክፍያ የለውም።

ከቴአትሩ አጠገብ ያለው ክቡ ባንክ

የንግድ ባንክ የቀድሞ ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው ክብ ሕንፃ ከጎኑ ካለው ከብሔራዊ ባንክ ጋር የዚያው የሾሜ ሥራ ነው። በ1950ዎቹ ባንክ ማለት የግሪክ ዓምድ የተደረደረበት ቤት ነበር በሚባልበት ጊዜ ሾሜ ክብ አድርጎ መሥራቱ ድፍረት ነበር። ዛሬ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው 209 ሜትር ርዝመት ያለው የንግድ ባንክ ማማ አጠገቡ ቆሟል። ብዙ ጎብኚ አንገቱን አቅንቶ ማማውን ብቻ ያያል። ማማው ከየትኛውም የከተማዋ ጥግ ይታያልና ለእርሱ ብለው እዚህ ድረስ መምጣት አያስፈልግዎትም፤ ክቡን ግን ካልመጡ አያዩትም። ካሜራ ላይ ይጠንቀቁ። ባንክ ነው፤ ጥበቃው ስልክ ሲነሣ አይወድም። አስቀድሞ ሰላምታ ሰጥቶ መጠየቅ ከክርክር ያድናል፤ አይቻልም ካሉ አይቻልም።

አፍሪካ አዳራሽ፦ ከጎዳናው ወጣ ለሚል ሰው

አፍሪካ አዳራሽ ቸርችል ላይ አይደለም፤ ከለገሃር ወደ ምሥራቅ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ነው። እንዲያም ሆኖ ከንጽጽሩ ባወጣው ማዘጋጃ ቤቱ ይጎድላል፤ ሁለቱም የመዜዲሚ ናቸውና። አዳራሹ በ18 ወር ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር እዚያ ተፈረመ። ማዘጋጃ ቤቱ ለዜጋ የተሠራ፣ ከሩቅ የሚታይ ቤት ነው፤ አዳራሹ ለመሪዎች የተሠራ፣ ከውስጥ የሚነበብ ነው። የሚነበበው ደግሞ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ነው፤ 150 ካሬ ሜትር ስፋት፣ ሦስት ክፍል፤ የአፍሪካ መከራ፣ ትግሏና ተስፋዋ። በመከራው ክፍል ቀዩ ያይላል፤ በተስፋው ቢጫው። ብርሃን ከጀርባው ሲመጣ ቀለሙ ከመስታወቱ ወርዶ ወለሉ ላይ ይፈሳል፤ ፎቶግራፍ ይህን አይዝም።

አዳራሹ ከረጅም እድሳት በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። የሚገኘው በተባበሩት መንግሥታት ቅጥር ግቢ ስለሆነ ሲያልፉ ድንገት አይገባም፤ አስቀድሞ ጠይቆ፣ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ይዞ፣ በፍተሻ ማለፍ ግድ ነው። ከውስጦቹ አንዱን ብቻ ይምረጡ ብዬ ነበር። ሰነድና ቀጠሮ የማይሰለችዎት ከሆነ ያ አንዱ አፍሪካ አዳራሽ ይሁን። ዛሬውኑ፣ ያለ ቀጠሮ ከሆነ ግን ጊዮርጊስ። አፈወርቅን በሁለቱም ያገኙታል፤ በአንዱ ለእግዚአብሔር፣ በሌላው ለአህጉር ሲሠራ።

ማን ምን ይምረጥ?

ልጆች የያዘ ሰው ከለገሃር ይጀምር፤ ዘውድ የደፋ አንበሳ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። ከዚያ ፖስታ ቤት ገብቶ ቴምብር ይግዛላቸው። አረጋውያን የያዘ ጊዮርጊስን አይቶ በመኪና ወደ ቴአትሩ ቢወርድ ቁልቁለቱ ጉልበት አይጎዳም። የሥነ ሕንፃ ተማሪ ታሪኩን ለጊዜው ትቶ መዜዲሚንና ሾሜን ብቻ ይከተል፤ ማዘጋጃ ቤት፣ ቴአትር፣ ክቡ ባንክ፣ ቢቻል አፍሪካ አዳራሽ። ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣ ወገን ደግሞ ወላጆቹን አስከትሎ ለገሃር ቢወስዳቸው ይሻላል፤ በዚያ ጣቢያ የተቀበሉትን ወይም የሸኙትን ሰው ስም እያነሡ የሚያወሩት ከማንኛውም አስጎብኚ ይበልጣል። ዝናብ ከያዘዎት ምርጫው ራሱ ይመረጣል፤ የፖስታ ሙዚየም ወይም የጊዮርጊስ ሙዚየም።

ስለ ፎቶግራፍ አንድ ነገር። ጎዳናው ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚወርድ ሁለቱ ጫፎች ፀሐይን በየተራ ይካፈላሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ፊቱን ወደ ደቡብ ሰጥቷልና ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ባዘነበለችበት ወቅት፣ ሙሉ ብርሃን ያገኛል። የለገሃር ጣቢያ ወደ ሰሜን ስለሚያይ በእነዚያው ወራት ፊቱ ጥላ ውስጥ ነው፤ ብሩህ ሰማይ ከጀርባው ስለሚሆን በስልክ የተነሣው ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል። ለእርሱ የሚሻለው ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ፀሐይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ፊቱ ይበራል። በበጋ ከመጡ ደመና ያለበትን ሰዓት ይጠብቁ፣ ወይም ጣቢያውን ትተው አንበሳውን ከጎን ያንሡት።